መጽሐፉ ወደ ልጁ ቤት ይግባ

(በአራት ኪሎ በተካሄደ የወላጆች፣ የመምህራንና የእድር ተጠሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ከጥቂት የቃላት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረው ተጽፏል።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ የየእድሩ ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ውድ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለብዙዎቻችሁ የገበያ፣ የልብስ አጠባና የለቅሶ መድረሻ ጊዜ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ትታችሁ ስለ ልጆች ንባብ ለመነጋገር በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናችኋለሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ በድህነት ውስጥ የሚኖሩ ልጆች ንባብን እንዲወዱ እንዴት እናግዛቸው የሚል ነው። በዚሁ በከተማችን እምብርት፣ በአራዳና በአካባቢዋ፣ ለረጅም ጊዜ በአንደኛ ደረጃ መምህርነት ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ በሰፈራችን ባለች አንዲት አነስተኛ የልጆች ማንበቢያ ክፍል አገለግላለሁ። የምናገረውም እዚያ ከማየው ተነሥቼ ነው። ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ። አንደኛ፣ ድህነት ከሚያነብ ልጅ ላይ የሚወስደው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ራሳቸው ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ? ሦስተኛ፣ ያሉን መጻሕፍት የት ነው የተቀመጡት? ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ከሦስቱ አብልጦ የተዘነጋው እርሱ ነውና።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። «ድሃ ልጅ የንባብ ፍላጎት የለውም፤ ሆዱ ባዶ ሆኖ መጽሐፍ አይታየውም» ሲባል በየስብሰባው እሰማለሁ። ረኃብ ትምህርትን እንደሚያደናቅፍ የሚክድ መምህር የለም፤ በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ከተጀመረ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዴስክ ላይ ተደፍቶ የሚያንቀላፋው ልጅ ምን ያህል እንደቀነሰ እዚህ ያላችሁ መምህራን ታውቃላችሁ። ነገር ግን ድህነትና የንባብ ፍቅር አብረው አይኖሩም ማለት የገዛ ታሪካችንን መርሳት ነው። የቆሎ ተማሪውን አስታውሱት። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በለመናት ቁራሽ እየኖረ ፊደል ቆጥሯል፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቧል፣ ዳዊት ደግሟል። በቁርአን ቤት በእንጨት ሎህ ላይ የተጻፈለትን እያነበበ፣ ሲጨርስ አጥቦ እንደገና እየተጻፈለት የተማረውንም ልጅ አስታውሱት። ከእነዚህ ልጆች የባሰ ድሃ ማን ነበር? ከእነርሱ የበለጠስ ለፊደል የታገሠ ማን ነበር?

ታዲያ እነዚያ ልጆች ምን ነበራቸው? ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የያዙትም መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ የራሳቸው አልነበረም። የነበራቸው ሰው ነው። መምህሩ ያነባል፣ ተማሪው ይሰማል፤ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የተሳሳተ ወዲያው ይታረማል፤ ዳዊት የደገመ ቀን ቤተሰቡ ደግሶ ደስታውን ይካፈላል። ማንም ልጅ ከፊደል ጋር ብቻውን አልተተወም። ዛሬ በከተማችን መካከል የሚያድገው ድሃ ልጅ ከመጽሐፍ ይልቅ ያጣው ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ። አብሮት የሚያነብ፣ ሲያነብም የሚሰማው ሰው አጥቷል።

እስቲ አንድ ቤት ላሳያችሁ፤ ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለውን ቤት ታውቁታላችሁ። የቀበሌ ቤት ነው፤ አንድ ክፍል። በአንድ በኩል አልጋ፣ ፊት ለፊቱ ቴሌቪዥን የተቀመጠበት ቡፌ፣ ከበሩ ጀርባ የከሰል ምድጃና የውኃ ጀሪካን፣ ከላይ ደግሞ ልጆቹ የሚተኙበት ቆጥ። አምፖሏ አንድ ናት። ታላቅየው ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቶ ወደ ሥራ ስለሚሄድ ማታ በሦስት ሰዓት መብራት ይጠፋል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውኃ ይቀዳል፣ ታናሹን ያዝላል፣ እናቱ ጉልት ላይ ከሆነች ሄዶ ይተካታል፤ ሲመሽ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። መብራት እስኪጠፋ የቀረችው ጊዜ ያቺ ብቻ ናት። በዚያች ጊዜ መጽሐፍ ቢይዝ እንኳ «ምን አገኘህበት?» የሚለው የለም፤ ይልቁንስ «እሱን አስቀምጥና ተነሥ» የሚለው ይበዛል። ይህን የምናገረው ወላጅን ለመውቀስ አይደለም። ቀኑን ሙሉ እግሯ ላይ ቆማ የዋለች እናት ምን ጉልበት ተርፏት ነው?

ዋጋውም አለ። የምናሳትምበት ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ የውጭ ምንዛሪ ሲወደድ መጽሐፍም ይወደዳል፤ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አሳታሚዎችም ገዢዎችም ይህንን በኪሳቸው አውቀውታል። የልጆች መጽሐፍ ደግሞ ባለቀለም ሥዕል ስለሚፈልግ ከሌላው ይብሳል። አንዲት ቀጭን የተረት መጽሐፍ የቤቱን የአንድ ቀን አስቤዛ ዋጋ ስትጠይቅ እናት ሽንኩርቱን መምረጧ ትክክል ነው፤ እኔም በቦታዋ ብሆን ሽንኩርቱን እገዛለሁ። እንግዲህ መጽሐፍ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ «ለልጃችሁ መጽሐፍ ግዙ» የሚል ምክር ይዘን መሄዳችንን ማቆም አለብን። አይጠቅምም፤ ያሳፍራቸዋል እንጂ።

ከዚህ ጋር ተያይዞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተለያዩ ክልሎች በዝቅተኛ ክፍሎች ላይ የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ምንባብ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አንዲት ቃል! ይህ እንዴት ይሆናል የምትሉ ከሆነ በክፍሌ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ የፊደል ገበታው ፊት ቆሞ በእንጨት እየጠቆመ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለ እንከን ይወርዳል፤ ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ሰባት ቤታቸው፣ 231ዱን ሁሉ፣ በዜማ ይላቸዋል። ያየው ሰው «ጎበዝ፣ አወቀ» ይላል። ረድፉን በእጄ ሸፍኜ «ሮ»ን ብቻ ሳሳየው ግን ዝም ይላል። ከዚያ ጣቱን እያጠፈ በለሆሳስ «ረ፣ ሩ፣ ሪ፣ ራ፣ ሬ፣ ር» ብሎ ቆጥሮ «ሮ» ላይ ይደርሳል። ዜማውን ያውቃል፤ ፊደሉን ግን አያውቀውም። እያንዳንዱን ፊደል በዚህ መንገድ እየፈለገ የሚያነብ ልጅ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ንባብ ለእርሱ ድካም ብቻ ነው። ድካምን ማን ይወዳል?

ከዚህ የሚያወጣው ብዙ ማንበብ ነው፤ ብዙ ለማንበብ ደግሞ ንባብን መውደድ አለበት። ይህ እርስ በርሱ የተቋለፈ ነገር ከየት በኩል ይፈታል? በእኔ እምነት ከጆሮ በኩል ይፈታል። ይህም ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ያመጣኛል።

እናቶቼ ወደ ማንበቢያ ክፍላችን ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ አልፈው አይገቡም። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ምን አግዘዋለሁ ብለህ ነው?» ይሉኛል። እዚህም እንዲህ ብላችሁ የምታስቡ እንዳላችሁ እገምታለሁ። ለእናንተ ነው የምናገረው፤ እባካችሁ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ማንበብ የማትችል እናት ልጇን አንባቢ ማድረግ ትችላለች። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም፤ አይቼ ነው።

ከክፍላችን መጽሐፍ እየተዋሰች የምትሄድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ አለች። እናቷ ለፒያሳ ምግብ ቤቶች እንጀራ ጋግረው ያቀርባሉ። አንድ ቀን ልጅቷ ስለቀረች ቤታቸው ሄድኩ። እናትየው ምጣዱ ፊት ተቀምጠው ሊጥ ያሰጣሉ፤ ልጅቷ ከጎናቸው በርጩማ ላይ ሆና መጽሐፉን ወደ አምፖሏ አዙራ እየጮኸች ታነባለች። አክንባሎው ሲከደን እናትየው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ፤ እንጀራው ሲወጣ ንባቡ ለአፍታ ይቆማል፤ እንጀራው ሰፌዱ ላይ ሲያርፍ ይቀጥላል። ቆሜ ስሰማ ልጅቷ «አባቱ ገና አልመጣም» የሚለውን ስታነብ «ገና»ን አጥብቃ እንደ በዓሉ ስም አለችው። እናትየው ዓይናቸውን ከምጣዱ ሳያነሡ «ገና ምን አመጣው እዚህ? እንደሱ ብሎ ነገር የለም፤ ደግመሽ እዪው» አሏት። ልጅቷ ደግማ አየችው፤ ሳቀች፤ አላልታ አነበበችው።

እስቲ ይህንን አስተውሉት። በአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይተን አንጽፍም፤ አንባቢው ከዐውዱ አውቆ ነው የሚያጠብቀው ወይም የሚያላላው። ይህንን የሚያውቀው ቋንቋውን በጆሮው የጠገበ ሰው ነው። እኚህ እናት ከመጽሐፉ ላይ አንድ ፊደል አይለዩም፤ የልጃቸውን ንባብ ግን አረሙ። ማንም መምህር ስልሳ ልጆች ባሉበት ክፍል ለአንድ ልጅ ሊያደርግለት የማይችለውን በየምሽቱ እያደረጉላት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ «ከዚያስ?» ማለታቸው ነው። ልጅቷ የምታነበው ለፈተና አይደለም። ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የምትጠብቃት እናት ስላለቻት ታነባለች። እናቶቼ፣ «ከዚያስ?» ለማለት ፊደል መቁጠር ያስፈልጋል? አባቶችስ፣ ይህን ለማለት ስንት ዓመት መማር ያስፈልጋል?

እኔ ራሴ ንባብን የወደድኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከሰው ድምፅ ነው። ያደግሁት ከፒያሳ ብዙም በማይርቀው ሠራተኛ ሰፈር ነው። በግቢያችን አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ፤ አባባ እንላቸው ነበር። «አዲስ ዘመን» ጋዜጣን ከማን እንደሚያገኙት እንጃ፣ አንዳንዴ የሦስት ቀን ጋዜጣ ይሆን ነበር፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን በክር ከጆሯቸው ጋር አስረው ጮክ ብለው ያነቡታል። ልብስ የምታጥበዋም፣ ቡና የምትወቅጠዋም ይሰማሉ። እኛ ልጆቹ አብዛኛው ነገር አይገባንም፤ ነገር ግን ከዚያ ወረቀት ውስጥ ዓለም ሲወጣ እናያለን። በሌላ ጊዜ ደግሞ የጎረቤት ሬዲዮ መስኮት ላይ ይደረግና ግቢው ሁሉ ተሰብስቦ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተባለውን ዝግጅት ይሰማል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበበት ዝግጅት ነው። ያንን ትረካ የሰማችሁ እዚህ ብዙዎች እንዳላችሁ ፊታችሁ ይነግረኛል። መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ፣ ቢይዙትም ማንበብ የማይችሉ ሰዎች በዛብህና ሰብለ ወንጌልን እንደ ዘመድ ያውቋቸው ነበር፤ በማግስቱ ውኃ ቧንቧ ላይ ስለ እነርሱ ይከራከሩ ነበር። በኋላ መጽሐፉን ሳገኘው እየተንተባተብሁም ቢሆን እስከ መጨረሻው የገፋሁት የወጋየሁ ድምፅ በጆሮዬ ስለነበረ ነው።

ይህንን የማነሣው የድሮውን ለማሞገስ አይደለም። የዛሬው ስልክም በደንብ ከያዝነው ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ታናሽ ወንድሙ ተረት ሲያነብ በስልክ ቀድቶ ለአያቱ የሚያሰማ ልጅ በእኛ ዘንድ አለ። ዋናው ነገር ልጁ ራሱ ከማንበቡ በፊትም፣ በሚያነብበትም ጊዜ፣ ታሪክ የሚሰማበትና የሚያሰማበት ሰው ማግኘቱ ነው። ስለዚህ ተረት የምታውቁ አያቶች ተረታችሁን አትናቁት። «ተረት ተረት» ብላችሁ «የላም በረት» የሚል መልስ የምትጠብቁባት ያቺ ቅጽበት ልጁ ማድመጥን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመትን፣ በቃል ብቻ ያላየውን ነገር ማየትን የሚማርባት ናት። መጽሐፍ ሲገልጥ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። አፉን የፈታበት ቋንቋ ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ ከሆነ ደግሞ በዚያው ይተረትለት፤ በአማርኛ ካልሆነ አይጠቅመውም ብላችሁ አትተዉት።

ለመምህራን እዚህ ላይ አንድ ልመና አለኝ። በቀን ሩብ ሰዓት ያህል፣ ለዝቅተኛ ክፍሎች፣ መጽሐፍ ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ስትጨርሱ ጥያቄ አትጠይቁ። «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» አትበሉ። ይህች ጥያቄ የሠራችውን ጉዳት ስንቶቻችን እናውቃለን? ልጁ ጅቡና ቀበሮዋ ምን ሊሆኑ ነው ብሎ ልቡ ተንጠልጥሎ ሲሰማ ቆይቶ በመጨረሻ ፈተና ላይ እንደነበረ ይነገረዋል። የሚጠይቀው እርሱ ይሁን። ደግሞም ንባብን ቅጣት አታድርጉት፤ የረበሸ ልጅ ተነጥሎ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲቀመጥ ሲደረግ አይቻለሁ። ያ ልጅ ቤተ መጻሕፍቱን ምን ብሎ ያስታውሰዋል?

ሦስተኛው ነጥቤ አጭር ነው፤ ነገር ግን የመጣሁት በተለይ ይህንን ለመናገር ነው። መጻሕፍቶቻችን የት ናቸው?

በዚህ ከተማ መጽሐፍ የለም ማለት አንችልም። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክር አለን። እዚሁ አጠገባችን በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ለልጆችም ቦታ አለው። በየትምህርት ቤቱ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር አለ። ጥያቄው ከዚህ ሰፈር ጓሮ ያለው ልጅ እነዚያን በሮች ያልፋል ወይ ነው። ጫማው የተቀደደ ልጅ እንደ አብርሆት ያለ የሚያብረቀርቅ ሕንፃ ፊት ሲደርስ የመጀመሪያ ሐሳቡ «ጥበቃው ምን ይለኛል?» የሚል ነው። ማንም ምንም አይለው ይሆናል፤ እርሱ ግን ቆሞ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ወጣቶች፣ የመጀመሪያውን ቀን እጁን ይዛችሁ አስገቡት። ሁለተኛውን ቀን ራሱ ይገባል፤ ሦስተኛውን ጓደኛውን ይዞ ይገባል።

የትምህርት ቤቱ በር ሌላ ጉዳይ ነው። ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት ሳስተምር በእርዳታ የመጡ የሚያማምሩ የልጆች መጻሕፍት ነበሩን። ባለመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተደርድረው ተቆለፈባቸው። ቁልፉ ከንብረት ክፍል ነበር። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፤ እንግዳው ሲሄድ ይቆለፋል። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት መስታወቱ ላይ ግንባራቸውን ለጥፈው የሽፋኑን ሥዕል ያዩ ነበር። ንብረት የያዘችውን ሠራተኛ አልወቅሳትም፤ መጽሐፍ ቢጠፋ ከደመወዟ ነው የሚቆረጥባት፤ ንብረት የመቁጠር ደንቡ ቁም ሣጥን እንድትጠብቅ ነው የሚያዛት። ነገር ግን ውድ ወገኖቼ፣ እነዚያ መጻሕፍት ለማን መጡ? ድሃው ልጅ መጽሐፍ ያጠፋል፣ ያቆሽሻል፣ ይሸጣል ብለን ስለፈራን በመስታወት ውስጥ አስረን ያስቀመጥነው መጽሐፍ ዓመቱ ሲያልፍ ሳይነበብ ያረጃል፤ ልጁም ሳያነብ ያድጋል። ሁለት ኪሣራ።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፤ መጽሐፉ ወደ ልጁ ቤት ይግባ። ወደ ቆጡ ይውጣ። ወደ ጉልቱ ይሂድ። ያቺ እናት ምጣድ ፊት «ከዚያስ?» ያሉት መጽሐፉ እቤታቸው ስለገባ ነው። በእኛ ማንበቢያ ክፍል ልጁ መጽሐፉን ራሱ ይመርጣል፤ ስሙን ደብተር ላይ ራሱ ይጽፋል፤ በፌስታል ጠቅልሎ ይወስዳል። የሚያስይዘው ነገር፣ የምንጠይቀው ዋስ የለም። የበርበሬ ጠብታ ያረፈበት፣ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ይመለሳል፤ ተቀብለን በፕላስተር እናጣብቀዋለን። የማይመለስም አለ። አንድ መጽሐፍ የጠፋበት ልጅ ፈርቶ እንዳይቀር «ና፣ ሌላ ምረጥ» ብለን እናስጠራዋለን፤ ምክንያቱም ልጁ ከመጽሐፉ ይበልጣል።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ። ልጆቻችንም ተበተኑ፤ የተዋሷቸው መጻሕፍትም አብረው ሄዱ። አንዲት እናት ከሄዱበት ደውለው «መጽሐፋችሁ ልጄ ዘንድ ቀርቷል፤ በማን ልላከው?» አሉኝ። «አይላኩት፤ ለአዲሶቹ ጎረቤቶች ልጆች ያንብብላቸው» አልኳቸው። ከወራት በኋላ ደግመው ደወሉ፤ ሌላ መጽሐፍ ፈልገው ነበር። ልጁ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ሕፃናቱን ሰብስቦ ያንኑ መጽሐፍ በቃላቸው እስኪይዙት አንብቦላቸው ኖሯል። ያ መጽሐፍ ጠፋ ይባላል?

እዚህ ላይ የአቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ሥራ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ ከእኛው ድህነት የወጣ ሰው ነውና። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ ያነበበው በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በስደት አሜሪካ ገብቶ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማረ፤ በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ በብዙ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት እያሉ በአማርኛ የተጻፈ አጣ። ያንን አይቶ ዝም አላለም፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ አሳተመ፤ ወደ አገሩ ተመለሰና በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በኋላም በሐዋሳ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ተጭነው ልጆቹ ወዳሉበት እንዲሄዱ አደረገ። ያስተዋልሁት ነገር ሕንፃ እስኪሠራ አለመጠበቁን ነው። ቤቱን ከፈተ፤ አህያውን ጫነ።

እኛስ ምን አለን? የእድር ዳኞች፣ አሁን ወደ እናንተ ልዙር። እያንዳንዱ እድር ማለት ይቻላል ቤት አለው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱና ብረት ምጣዱ የሚቀመጥበት፣ በወር አንዴ መዋጮ የሚሰበሰብበት ቤት ነው። በቀሩት ቀናት ተቆልፎ ይውላል። መብራት አለው። ወንበር አለው። ሰፈር ውስጥ ነው፤ ልጅ አስፋልት ሳያቋርጥ ይደርስበታል። እናት «የት ነበርክ?» ብትል «እድር ቤት» ይላታል፤ እርሷም ታምነዋለች። ከዚህ የተሻለ የልጆች ማንበቢያ ከየት እናመጣለን? በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት መልስ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ቁልፉን ለአንድ የታመነ ወጣት ስጡት። ለቅሶ በመጣ ቀን ይቅር፤ ልጆቹ ይረዱታል፤ እነርሱም የሰፈሩ ልጆች ናቸው። የምትፈልጉት አንድ መደርደሪያ፣ ጥቂት ምንጣፍ፣ ለልጆች የሚሆኑ ጥቂት መጻሕፍት ነው። መጻሕፍቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ክፍል እናካፍላችኋለን፤ አቅም ያላችሁ ደግሞ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ ሄዳችሁ የልጆቹን ምረጡልን። ስትመርጡ ሥዕል ያለውን፣ ፊደሉ ጎላ ያለውን፣ በልጁ ቋንቋ የተጻፈውን ምረጡ። ከባሕር ማዶ የሚላኩ ወፋፍራም የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን በአክብሮት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስጧቸው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ አይሆኑም።

ወጣቶች፣ ከእናንተ የምንፈልገው ድምፃችሁን ነው። ማስተማር አይጠበቅባችሁም። ተቀምጣችሁ ታነባላችሁ፤ ልጆቹ ይሰማሉ፤ ከዚያ ተራ በተራ እነርሱ ያነባሉ፤ እናንተ ትሰማላችሁ። ልጁ ሲንተባተብ አትቅደሙት። ፊደሉን ፈልጎ እስኪያገኘው ጠብቁት፤ ካላገኘው ዝቅ ባለ ድምፅ ንገሩትና ይቀጥል። የሚስቅበት እንዳይኖር ከመጀመሪያው ቀን አስታውቁ።

ስንወጣ በበሩ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ደብተሮች አሉ። በአንደኛው ቤታቸውን መክፈት የሚፈቅዱ እድሮች ስማቸውንና ሰፈራቸውን ይጻፉ፤ በሁለተኛው ማንበብ የምትፈልጉ ወጣቶች የሚመቻችሁን ቀን ጻፉ። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ እናቶች አጠገባችሁ ላለው ልጅ ንገሩት፤ እርሱ ይጽፍላችኋል። የሚቀጥለው ቅዳሜ በዚሁ ሰዓት ከተመዘገቡት እድሮች ተጠሪዎች ጋር ቁልፍና መደርደሪያ ስለማዘጋጀት እዚሁ እንነጋገራለን። ስለሰማችሁኝ አመሰግናችኋለሁ፤ ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።